ከወንጂ ውሃ እስከ ጥርስ ሽቦ፦ የሀዲያ ሰው ጥርስ የሚናገረው ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃልና፣ የሰውን ልብ በጥርሱ አትለካው ለማለት ነው። ምሳሌው እውነት አለው። የሀዲያንና የከምባታን ያለፉ ሰባ ዓመታት ለሚያገላብጥ ሰው ግን የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። ጥርስ የልብን ባይናገርም፣ ሰው የት እንዳደገ፣ የየትኛውን ምድር ውሃ እንደጠጣ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣ ይናገራል።

ፎንቆን እንውሰድ። የአና ሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ እንደ ብዙዎቹ የሀዲያ ከተሞች ልጆቿን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘች፣ ከዚያ በሚላክ ገንዘብም ቤት የሠራች፣ ሱቅ የከፈተች። ከደርባን ወይም ከጆሃንስበርግ ለጥቂት ወራት የተመለሰ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ በአፉ ሽቦ ይዞ ቢመጣ፣ ወይም እዚሁ ሊያሳስር ቢነሳ፣ የሚሰማውን መገመት አይከብድም። «በዚህ ዕድሜህ?» «ለማን ልታምር ነው?» «ገንዘቡን ምን አለ ሥራ ላይ ብታውለው!» የሚሉት ይበዛሉ። ብሬስ የልጅ ነገር፣ የሀብታም ነገር፣ የፈረንጅ ነገር ተደርጎ ነው የሚታየው።

እነዚህ ሦስት ቃላት፣ ማለትም ልጅ፣ ሀብታምና ፈረንጅ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩ ሲታወቅ ጥያቄውም ይለወጣል።

*ሽቦ ከመምጣቱ በፊት የነበረው አፍ*

አያቶቻችን ስለ ጥርስ ግድ አልነበራቸውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያ ከአፍ አይለይም ነበር። ሰው እንግዳ ሊቀበልም ሆነ ገበያ ሊወጣ መፋቂያውን እያላመጠ ነው። በሰሜንና በመሃል አገር ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥቁሩ ድድ የጥርሱን ንጣት ያጎላዋል ተብሎ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል የሚገኘው ክፍተት፣ ፍንጭት፣ ደግሞ ጉድለት ሳይሆን ጌጥ ነበር። በዘፈንም በቁልምጫም ፍንጭት ይወደሳል። ሙሽራ ሲመረጥም ፍንጭት ያላት ልጅ ተጨማሪ ነጥብ ነበራት።

ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ዛሬ አንድ የውጭ አገር የጥርስ ማስታወቂያ «ከመስተካከሉ በፊት» ብሎ የሚያሳየው ፎቶ፣ እዚህ አገር አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ ቆንጆ የተባለ አፍ ሊሆን ይችላልና።

ሁሉም የቀድሞ ነገር መልካም ነበር ማለት ግን አይደለም። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ይታይና፣ ያልወጣው የወተት ክራንቻ ያበጠበት ቦታ «ትል ነው» ተብሎ በስለት ይወጣል። ይህ የወተት ጥርስ ማውጣት ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ከተመዘገበ ቆይቷል። ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ግን ከስሩ የተቀመጠውን የቋሚ ጥርስ ዘር መጉዳቱ ነው። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በ1994 ያሳተሙት ጥናት፣ ክራንቻቸው የጎደለና ጎረቤት ጥርሶቻቸው የተዛቡ ልጆችን አሳይቷል። ሐኪሞቹ ልጆቹ ከየት እንደመጡና ምን እንዳሳለፉ አፋቸውን ከፍተው አነበቡት ማለት ነው።

ስለዚህ ጎልማሳ ሆኖ ጥርሱን ላስተካክል የሚል ሰው ሁሉ ፈረንጅ ልምሰል ያለ አይደለም። አንዳንዱ በጨቅላነቱ ሌሎች በአፉ የሠሩትን ነው የሚያስተካክለው።

*የመጀመሪያው ስደት፦ ወንጂ*

ሀዲያና ከምባታ ሕዝብ የጠበቀበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው። እንሰት ብዙ አፍ ይመግባል፤ ግብርና ልብስ ግን በኮጮ አይከፈልም። ስለዚህ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ መውጣት የጀመረው ደቡብ አፍሪካ በሬዲዮ እንኳ ሳይታወቅ ነው።

በ1951 ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ። በኢንዶኔዥያ ሸንኮራ ያለማ የነበረ ኩባንያ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ። ሸንኮራው ቆራጭ ፈለገ፤ ከቆራጮቹ ብዙዎቹም የከምባታና የሀዲያ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዱ ወቅት ጠብቆ ሄዶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እዚያው ትዳር ይዞ ልጅ ይወልዳል።

የወንጂ የጉድጓድ ውሃ ግን ችግር ነበረበት። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ድንጋይ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች ይህ በብዙ እጥፍ ታልፏል። ኩባንያው ነገሩን ሲረዳ ማጣሪያ አስገባ፤ ግን ብዙ ሰው ብዙ ዓመት ከጠጣ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ነው፤ ማለትም ከውልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ። ጎልማሳ ሆኖ ወንጂ የገባው አባት ጥርሱ አልቡናም፤ እሱን ያጠቃው አጥንቱን ነው። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ አንገቱ አልዞር፣ ወገቡ አልታጠፍ ያለው የስኳር ሠራተኛ በሕክምና መጽሔቶች የተመዘገበው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። እዚያ የተወለደው ልጅ ግን ቡናማ ጥርስ አወጣ። አባት በአጥንቱ፣ ልጅ በጥርሱ ከፈለ።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ያሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ መጠቃቱን አሳየ። ይህ እንግዲህ የንጽህና ጉድለት አይደለም። በመፋቂያም በሳሙናም በጨውም አይለቅም። ያን ጊዜ ቡናማ ጥርስ ያለው ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ቆሻሻ ስለሆነ ሳይሆን ውሃ ስለጠጣ ነው።

*ሁለተኛው ስደት፦ ወደ ደቡብ*

ከ2000 ወዲህ መንገዱ አቅጣጫ ቀየረ። በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አልፎ ደቡብ አፍሪካ። የሄደው ልጅ በጥቁሮች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይከፍታል ወይም ልብስ እያዞረ ይሸጣል፤ ወንድሙን ይጠራል፤ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ይጠራል። የሆሳዕና፣ የፎንቆ፣ የዱራሜ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በዚህ ገንዘብ ቆመዋል።

ዋጋው በብር ብቻ አልተከፈለም። በ2008፣ በ2015 እና በ2019 የውጭ ዜጎች ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፤ ሰዎች ተገድለዋል። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በምትባል ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ «የማን ልጅ ይሆን?» የማይል ቤት የለም።

ተርፎ፣ ሠርቶ፣ ከብሮ የተመለሰው ሰው ታዲያ መትረፉን በምን ያሳይ? በቤት፣ በመኪና፣ በሠርግ፣ በሰውነቱም። ቀድሞ ሀብት በአፍ የሚታየው በወርቅ ጥርስ ነበር። ነጋዴው ወይም ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጅ አንድ የወርቅ ጥርስ ካስገባች፣ ሳቋ ራሱ ደረሰኝ ነው። የዛሬው ደረሰኝ ብሬስ ሆኗል የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልዩነቱ የወርቅ ጥርስ በአንድ ቀን ገብቶ ማለቁ ነው። ብሬስ ግን ከሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገርም ይጠይቃል። ምን እንደሆነ ለመረዳት ሽቦው ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

*ሽቦው እንዴት ወደ ጎልማሳ አፍ ደረሰ?*

በ1728 ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ጥርስ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ጥርስን በክር እያሰሩ የሚጎትቱበት እንደ ቅስት የታጠፈ ቀጭን ብረት ነበር። ትምህርቱን ሙያ ያደረገው ግን አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። በ1899 የጥርስ አገጣጠምን በሦስት መደብ ከፈለ፤ ሐኪሞች ዛሬም በዚሁ ይጠቀማሉ። በ1900 ደግሞ የዚህ ሙያ ትምህርት ቤት በሴንት ሉዊስ ከተማ ከፈተ።

አንግል የቆንጆ ፊት መለኪያ አድርጎ የወሰደው ማንን ይመስላችኋል? ቫቲካን ውስጥ የሚገኘውን የአፖሎን የእብነ በረድ ሐውልት። ከሱ በኋላም ለረጅም ጊዜ የመንጋጋና የከንፈር ልክ የተቀመጠው በአብዛኛው ነጮችን በመለካት ነው። «ትክክለኛ» የተባለው ፊት እንግዲህ የአንድ ወገን ፊት ነበር። የሀዲያ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ ወይም የዙሉ ከንፈርና መንጋጋ በዚያ ሜትር ሲለካ ያለ ምንም በሽታ «ወጣ ያለ» ሊባል ይችላል። ዛሬ በየሕዝቡ የተለያየ መለኪያ እንደሚያስፈልግ ሙያው ራሱ ተቀብሏል።

በአንግል ዘመን ሽቦውም ቀለበቱም ከወርቅ ቅይጥ ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ቀለበት ይጠለቅለታል። «የሀብታም ነገር» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የማይዝግ ብረት ወርቁን ተካ። በ1955 ቡኖኮር የተባለ ሐኪም የጥርስን ገጽ በቀላል አሲድ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ፤ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ቀለበቱ ቀርቶ ትንሽ ብረት ፊቱ ላይ መለጠፍ ተለመደ። በ1960ዎቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል በሚሠራ ቤተ ሙከራ የተገኘ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ፣ ተጣጥፎም ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስ ሽቦ፣ በ1970ዎቹ ጥርስ ላይ ዋለ። በ1997 ደግሞ ራሱ በጉልምስናው ብሬስ ያሰረ አንድ የስታንፎርድ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ የማይታይ የፕላስቲክ ማስተካከያ ይዞ መጣ።

ጎልማሳው ወደዚህ ሕክምና በብዛት የገባው ከእነዚህ ለውጦች በኋላ ነው። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በልጅነት ብቻ ስለሆነ አልነበረም የቆየው። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም፤ በሥሩ ዙሪያ በቀጭን ጅማት ተንጠልጥሎ ነው የተቀመጠው። ቀስ ብሎ ሲገፋ በተገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፤ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሥራ በሃያውም በሃምሳውም ዓመት ይቀጥላል፤ በወር ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። «በዚህ ዕድሜህ?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፦ ይቻላል።

ልዩነት ግን አለ። የጎልማሳ መንጋጋ አያድግም፤ ቦታ ከሌለ ጥርስ መንቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሊመጣ ይችላል። የድድ በሽታ ያለበት ሰው መጀመሪያ እሱን መታከም አለበት፤ በታመመ ድድ ላይ ሽቦ ማሰር በፈረሰ ግድግዳ ላይ ጣራ እንደ መምታት ነው። በፍሎራይድ የቡነነ ጥርስ ላይ ደግሞ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም፤ ብረቱ ቶሎ ቶሎ ይወልቃል። ብሬስ ጥርስን ያሰልፋል እንጂ ቀለሙን አይቀይርም። የወንጂን ቡናማ ቀለም የሚያስለቅቅ ሽቦ የለም።

*መቆየትን የሚጠይቅ ሕክምና*

ብሬስ ከገንዘብ ሌላ የሚጠይቀው ነገር መቆየት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ሽቦው ይቀየራል፣ ይጠብቃል፣ የወለቀው ይለጠፋል። ከተፈታ በኋላም ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ ስለዚህ ሪቴይነር የሚባለው ማቆያ ለዓመታት፣ ለብዙ ጎልማሶችም ዕድሜ ልክ፣ ማታ ማታ ይደረጋል። ፍንጭት ያስዘጋ ሰው በተለይ፤ ፍንጭት ቤቷን አትረሳም።

የፎንቆ ልጅ ኑሮ ግን በመቆየት ላይ አልተመሠረተም። ለሦስት ወር ይመጣል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ ያሆዴን ከቤተሰቡ ጋር ያከብራል፣ ይመለሳል። ብሬሱን እዚህ አሳስሮ ቢሄድ እዚያ የሚከታተለው ማነው? እዚያ አሳስሮ ቢመጣ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ስፔሻሊስቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ክትትል የተቋረጠበት ብሬስ ካለመታሰሩ ይከፋል። ጥርሱ ወደማይፈለግበት ይሄዳል፣ ብረቱ ዙሪያ ምግብ ተሸጉጦ ጥርሱ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ሊያጥር ይችላል።

ከዚህ ክፍተት ደግሞ አቋራጭ ይወለዳል። በታይላንድ ወጣቱ ለጌጥ ብቻ የሚለጠፍ ሐሰተኛ ብሬስ ሲያበዛ መንግሥት በ2000ዎቹ ሽያጩን አግዷል። ፍንጭትን በላስቲክ አስሮ መዝጋትን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ዛሬም በየስልኩ ይዞራሉ። ላስቲኩ ወደ ድድ ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች ይነቀላሉ። በመቶ ብር ፍንጭት ሊያስዘጋ የተነሳ ሰው መስኮት ከፍቶ ይቀራል።

*ታዲያ ቅንጦት ነው?*

«ውሃ በሌለበት አገር ሽቦ ምን ይሠራል?» የሚለው ሰው ቁም ነገር አለው። የሀዲያ ምሥራቃዊ ቆላ ወደዚያው ወደ ስምጥ ሸለቆ ነው የሚወርደው። ጉድጓድ ሲቆፈር ፍሎራይዱን መለካት ከሺህ ብሬስ በላይ የሚጠቅም የጥርስ ሕክምና ነው፤ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጠጣውን ማንም መልሶ አያወጣለትምና። የሕፃን ክራንቻ በስለት እንዳይወጣ እናቶችን ማስተማርም እንዲሁ።

ግን ጎልማሳውን «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ከዚህ አይከተልም። ማኘክ የከለከለው፣ ጥርሱ ድዱን የሚወጋው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉን በእጁ እየሸፈነ የሚስቅ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ልታከም ቢል ቅንጦተኛ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት ለወንድሙ መንገድ፣ ለአባቱ ቤት፣ ለእህቱ ትምህርት የከፈለ ሰው ለራሱ አፍ የከፈለ ቀን ሊወቀስ አይገባውም። ጤነኛና የሚያምር ፍንጭቱን በስልክ ያየው ፊት ስላሳፈረው ብቻ ሊያስዘጋ የሚነሳ ግን፣ መለኪያው ከየት እንደመጣ ቢያውቅ መልካም ነው። እናቱ ያደነቀችውን በአፖሎ ሐውልት እየለካው ይሆናልና።

ለአካባቢውም ጥያቄ አለ። ሆሳዕና ዛሬ የክልል ርዕሰ ከተማ ናት። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርበት፣ በሀዲያዋ ንግሥት በእሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አላት። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ገንዘብ ሕንፃ መሥራት ችሏል፤ ከሕንፃዎቹ በአንዱ በወር አንድ ቀን እንኳ ስፔሻሊስት እየመጣ የሚቀመጥበት ወንበር ቢኖር፣ ብሬስ ያሰረው የፎንቆ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መመላለሱ ይቀርለታል።

ወንጂ የሄደው ትውልድ የሚጠጣው ውሃ ምን እንደሚያደርገው ማንም አልነገረውም። የዛሬው ከመወሰኑ በፊት መጠየቅ ይችላል፦ ድዴ ጤነኛ ነው? ችግሩ የማኘክ ነው ወይስ የመልክ? ሁለት ዓመት የሚከታተለኝ ማነው? ሪቴይነሩስ? ለነዚህ መልስ ያገኘ ሰው በሠላሳም በሃምሳም ይሰር። መልስ ያላገኘ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠበትን ቀን አይቶ፣ ሽቦውን ለሚቀጥለው ጊዜ ያቆየው።